የሰማንያ አራት ዓመት አልበም
የዣክ አንሪ ላርቲግ የሕይወት ታሪክ (1894–1986)

ለዚህ ኢዮቤልዩ ዝግጅት ከየአባላቱ ቤት አሮጌ ፎቶግራፎች ተሰብስበው ነበር። አንዳንዱ በፖስታ፣ አንዳንዱ በብስኩት ቆርቆሮ፣ አንዳንዱም ከአገር ሲወጣ በተያዘው ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ሥር ተቀምጦ የቆየ ነው። ፎቶግራፎቹ ያምራሉ። ችግሩ የሚመጣው ገልብጠው ጀርባቸውን ሲያዩት ነው። ስም የለም፤ ዓመት የለም፤ ቦታም የለም። አንድ ወጣት ከረባት አስሮ፣ ጫማውን አሳምሮ፣ አንዲት ፊያት ሴይቼንቶ ላይ ተደግፎ ይስቃል። ማን ነው? መኪናዋስ የራሱ ነበረች ወይስ ለፎቶ ብቻ የተደገፈባት? ይህን የሚያውቁት ሰዎች ወይ አርፈዋል፣ ወይ ባሕር ተሻግረው ሄደዋል።

በማኅበራችን ውስጥ ጡረታ ከወጡ በኋላ የጧቱን ቡና ጠጥተው የቀረውን ቀን በምን እንደሚሞሉት የሚያስቡ አባቶችና እናቶች አሉ። ከመካከላቸው ካሜራ የሚወዱም፣ የድሮ መኪና በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆም ብለው የሞተሩን ድምፅ የሚያዳምጡም ይገኛሉ። ስለዚህ በዚህ መጽሔት የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ብናቀርብ ለእነሱም ለልጆቻቸውም የሚጠቅም መሰለን። ሰውየው አገሩ ፈረንሳይ ነው፤ ከእኛ ጋር በሥጋም በአገርም አይገናኝም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ነገሮችን ወደደ። አንደኛው ፎቶግራፍ፣ ሁለተኛው መኪና ነው። ከሁለቱም ይልቅ ደግሞ የወደደውን ነገር ጽፎ ማስቀመጥ ያውቅ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከካሜራ በፊት በዓይኑ

ዣክ አንሪ ላርቲግ ጁን 13 ቀን 1894 በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በኩርብቯ ተወለደ። አባቱ አንሪ ላርቲግ ባለጸጋ ነበሩ፤ እሳቸውም በትርፍ ጊዜያቸው ፎቶግራፍ ያነሱ ነበር። ልጁ ሰውነቱ ቀጭን፣ ጤናው ደካማ፣ ዓይኑ ግን የማያርፍ ነበር። በቤቱ ገንዘብ ሳይጎድል አድጓል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ በዚያን ዘመን ለአንድ ሕፃን ካሜራ መግዛት የሚችል ቤት ጥቂት ነበር።

ካሜራ ሳይኖረው ገና በትንሽነቱ አንድ ጨዋታ ፈጥሮ ነበር። ደስ የሚል ነገር ሲያይ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ይከፍታል፤ ቶሎ ይዘጋዋል፤ ከዚያም በቆመበት ይሽከረከራል። እንዲህ ካደረገ ያየውን ነገር ከነቀለሙ፣ ከነድምፁ፣ ከነሽታው ይዞ ያስቀረ ይመስለው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ዘዴው አልሠራ አለው። የያዛቸው ምስሎች ሁሉ ጠፉበት፤ ልጁም እጅግ አዘነ። የላርቲግን ሕይወት የሚተርኩ ሰዎች ከዚህ ታሪክ መጀመር ይወዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ ያንን የጠፋውን ነገር መልሶ የማግኘት ጥረት ይመስላልና።

በ1902፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አባቱ የመጀመሪያውን ካሜራ ሰጡት። ከእንጨት የተሠራ፣ በሦስት እግር ላይ የሚቆም፣ በፊልም ፈንታ የመስተዋት ሰሌዳ የሚገባበት ትልቅ ዕቃ ነበር። ቁመቱ ስለማይደርስ ልጁ በርጩማ ላይ ይወጣ ነበር። ሰሌዳውን የሚያጥቡትና ወደ ወረቀት የሚያትሙት ከአባቱ ጋር ሆነው ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም ሰማንያ አራት ዓመት ሙሉ፣ ፎቶግራፍ ማንሳቱን አላቆመም።

የዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺ ሰውን አስቁሞ፣ ትንፋሽ አስይዞ፣ ፊት አስኮስትሮ ነበር የሚያነሳው። ላርቲግ ግን የሚወደው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ወዲያው በእጅ የሚያዙና መጋረጃቸው ፈጣን የሆኑ ካሜራዎች ተገዙለት። ከደረጃ የምትዘል የአክስት ልጅ፣ ውኃ ውስጥ የሚወድቅ ሰው፣ የሚዘል ውሻ፣ እነዚህ ሁሉ በአየር ላይ ተይዘው ቀሩ። ታላቅ ወንድሙ ሞሪስ፣ በቤት ስሙ ዚሱ፣ ዋናው ተዋናይ ነበር። ዚሱ መንኮራኩር የተገጠመለት መንሸራተቻ ይሠራል፤ ከእንጨትና ከጨርቅ የሚበር ነገር ያበጃል፤ ይሞክረዋል፤ ይወድቃል። ታናሽየው ካሜራውን ይዞ ይጠብቀዋል። ይህ የቤት ስም በ2004 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ለዋናው ገጸ ባሕርይ መጠሪያ ሆኗል።

መኪና፣ አቧራ እና ቁጥር 6

ላርቲግ ያደገው መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ለአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1907 ገደማ መሆኑን ብናስታውስ፣ የዘመኑን መንፈስ ለመገመት ይረዳናል። በፈረንሳይም ቢሆን መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር ሕዝብ ይሰለፍ ነበር። መኪኖቹ የፊት መስተዋት የላቸውም፤ ነጂው መነጽር አድርጎ፣ ወፍራም ካፖርት ደርቦ ነው የሚወጣው። መንገዱ አስፋልት አልለበሰም። ጎማ መፈንዳት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በውድድር ጊዜ ከሾፌሩ አጠገብ መካኒክ ይቀመጣል፤ ጎማ የሚቀይረውም ሞተሩን የሚከታተለውም እሱ ነው።

በ1905 ልጁ የአሥር ዓመት ገደማ ሳለ፣ በፓሪስ ኮርታምቤር በሚባለው ጎዳና በነበረው ቤታቸው በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን የመጫወቻ የውድድር መኪኖች ፎቶግራፍ አነሳ። ካሜራውን ያስቀመጠው ወለሉ ላይ ነው። ስለዚህ ትንንሾቹ መኪኖች ከአልጋውና ከወንበሩ ሥር ትልቅ ሆነው ይታያሉ። አዋቂ ሰው ቢያነሳቸው ቆሞ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚያነሳቸው። ልጁ ግን መኪኖቹን የሚያያቸው እንደዚያ ወለሉ ላይ ተኝቶ ስለነበር ያየውን አነሳ። በዚያው ዓመት በኦቨርኝ ተራሮች የተካሄደውን የጎርደን ቤኔት የመኪና ውድድር ከቤተ ሰቡ ጋር ሆኖ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ትልቅ ውድድር ሲኖር ከመንገድ ዳር አይጠፋም ነበር።

ከእነዚህ ውድድሮች በአንዱ ያነሳው ፎቶግራፍ ዛሬ በዓለም ከታወቁት የመኪና ፎቶግራፎች አንዱ ነው። በምስሉ ላይ ሁለት ሰዎች የተቀመጡበት የውድድር መኪና ይታያል፤ ከኋላው ቁጥር 6 ተጽፎበታል። የመኪናው አፍንጫ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። የኋላ ጎማው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል መስሏል፤ ወደፊትም አዘንብሏል። ከመንገዱ ማዶ የቆሙት ተመልካቾችና ምሰሶዎች ደግሞ ነፋስ እንደመታው ሸምበቆ ወደ ኋላ ተጋድመዋል።

ይህ እንዴት ሆነ? የዚያ ካሜራ መጋረጃ ጠባብ ስንጥቅ ያለው ጨርቅ ነው። ስንጥቁ በመስተዋቱ ሰሌዳ ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያልፍ ምስሉ የሚጻፈው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ነው። እስከዚያ ድረስ መኪናው ቦታውን ይለቃል። የጎማው ታችኛው ክፍል በአንድ ቅጽበት፣ ላይኛው ክፍል በሌላ ቅጽበት ተያዘ ማለት ነው። ላርቲግ ደግሞ ካሜራውን ከመኪናው ጋር አብሮ አዞረው፤ ግን የመኪናውን ያህል አልፈጠነም። ስለዚህ የሚሮጠው ወደፊት፣ የቆመው ወደ ኋላ አዘነበለ።

ላርቲግ ይህን ፎቶ እንደ ተበላሸ ቆጥሮ ወደ ጎን አስቀመጠው። አፍንጫው የተቆረጠ መኪና፣ የተጣመመ ጎማ ማን ይወዳል? ለአሥርት ዓመታትም ማንም ሳያየው ኖረ። በኋላ ሰዎች ሲያዩት ግን ከየትኛውም ጥርት ያለ ፎቶ ይልቅ ፍጥነትን የሚናገረው ይህ ሆኖ ተገኘ። የእነዚያን ዓመታት ትልልቅ የፈረንሳይ ውድድሮች ያሸነፈው በፔጆ መኪና የነዳው ዦርዥ ቧሎ ነው። የቧሎን ስም ዛሬ የሚያውቁት የመኪና ታሪክ ወዳጆች ብቻ ናቸው። ያላሸነፈችውን ቁጥር 6 ግን ብዙ ሰው ያውቃታል። ሰው የጣለውን ነገር ሳያቃጥል ቢያስቀምጥ የሚያገኘው ጥቅም ይህን ያህል ነው።

እንጀራው ሥዕል፣ ፍቅሩ ፎቶ

ላርቲግ ሥራህ ምንድን ነው ሲባል ሠዓሊ ነኝ ይል ነበር። በ1915 በፓሪስ ዡልያን በተባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። ለሕዝብ ያሳይ የነበረው ሥዕሉን ነው፤ ፎቶግራፉን ለራሱ፣ ለቤተ ሰቡና ለወዳጆቹ ያደርገው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ጤናው ብቁ ሳይሆን ስለቀረ በመኪናው ሐኪሞችን በፓሪስ ያመላልስ ነበር።

በ1919 የታዋቂውን የሙዚቃ ደራሲ የአንድሬ ሜሳዤን ልጅ ማድሌንን አገባ፤ በቤት ስሟ ቢቢ ትባላለች። በ1921 ዳኒ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1924 የተወለደችው ቬሮኒክ የምትባል ሴት ልጅ ግን ጥቂት ወራት ብቻ ኖራ ሞተች። ባልና ሚስቱም በ1931 ተፋቱ። የቤተ ሰቡ ሀብት በዚያው ሰሞን በመላው ዓለም በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ተመናመነ። በመኪናና በአገልጋይ ያደገው ሰው አሁን ሥዕል እየሸጠና ለትልልቅ የምሽት ድግሶች አዳራሽ እያስጌጠ መኖር ጀመረ። በ1934 ማርሴል ፓኦሉቺ ከምትባል ሴት ጋር ሁለተኛ ጋብቻ ፈጸመ፤ እሱም አልዘለቀም። በ1942 ፍሎሬት ኦርሜያን ተዋወቀ፤ በ1945 ተጋቡ። ፍሎሬት ከእሱ በሃያ ሰባት ዓመት ታንሳለች፤ እስከ ሞቱ ድረስም ከጎኑ አልተለየችም።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ሰውየው በቅንጦት ብቻ የኖረ እንዳይመስል ነው። ያጣ፣ የተቸገረ፣ ልጅ የቀበረ ሰው ነው። አልበሞቹን የሚያገላብጥ ሰው ግን ይህን ለማግኘት ይቸገራል። በአልበሞቹ ውስጥ የባሕር ዳርቻ አለ፤ ሳቅ አለ፤ አዳዲስ መኪናና ውብ ሴቶች አሉ። ሁለት የዓለም ጦርነቶች በአጠገቡ አልፈዋል፤ በፎቶዎቹ ግን እምብዛም አይታዩም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ

በ1962 ላርቲግና ፍሎሬት ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ዕድሜው ስልሳ ስምንት ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ጡረታ ከወጣ የሰነበተ ሰው ማለት ነው። ኒው ዮርክ ሲደርሱ ፎቶግራፎቹን አንድ የፎቶ ድርጅት ባለቤት ተመለከታቸው፤ እሱም በኒው ዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ ለነበረው ለጆን ሻርኮውስኪ አሳየ። ሻርኮውስኪ በጣም ተደነቀ። በ1963 በዚያ ሙዚየም የላርቲግ የልጅነት ፎቶግራፎች ለሕዝብ ቀረቡ።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ላይፍ የተባለው መጽሔት ፎቶግራፎቹን በሰፊው አተመ። ያ እትም የፕሬዚዳንት ኬኔዲን መገደል የዘገበው እትም ነበር። ሕዝቡ መጽሔቱን እየተሻማ ገዛው፤ ብዙዎችም እንደ መታሰቢያ አስቀመጡት። ስለዚህ በዚያ የኀዘን ሳምንት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ የአንድ ፈረንሳዊ ልጅ የደስታ ምስሎች አብረው ገቡ። ስድሳ ዓመት በመሳቢያ የኖረ ፎቶ በአንድ ሳምንት ዓለምን ዞረ።

ከዚያ ወዲያ ዝናው አልቆመም። በ1970 ታዋቂው ፎቶግራፍ አንሺ ሪቻርድ አቬዶን የላርቲግን ፎቶዎች መርጦ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጀ። በ1974 ቫሌሪ ዢስካር ዴስታን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የሚሰቀለውን ምስላቸውን እንዲያነሳ የጠሩት ላርቲግን ነው። ዕድሜው ሰማንያ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም በፓሪስ ሰፊ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀለት።

አንድ ነገር ግን መታረም አለበት። በ1963 ላርቲግ ለዓለም የቀረበው ማንም ሳያስተምረው በተአምር እንደ ተነሳ ሕፃን ሆኖ ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ልጁ በብዙ ነገር የታደለ ነበር። አባቱ ያስተምሩታል፤ በቤቱ የፎቶና የስፖርት መጽሔቶች ይገባሉ፤ የዘመኑ አማተሮች ምን እንደሚያነሱና እንዴት እንደሚያነሱ ያያል። ይህ ክብሩን አይቀንስም። እንዲያውም ለወላጆች የሚጠቅመው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ የጎበዘው አባት ጊዜ ሰጥተው አጠገቡ ስለቆሙ ጭምር ነውና።

የአዛውንቱ ቀን

ላርቲግ ቢሮ ገብቶ ስላልሠራ እንደ ደንቡ ጡረታ ወጣ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከ1960 ጀምሮ ከፍሎሬት ጋር በደቡብ ፈረንሳይ፣ በግራስ ከተማ አቅራቢያ ባለችው ኦፒዮ በምትባል መንደር የኖረው ኑሮ የአዛውንት ኑሮ ነበር። የመንደሩ አካባቢ የወይራ ዛፍና ፀሐይ የሞላበት ነው። ሰውየው ይሥላል፤ ያነሳል፤ ይጽፋል።

ሦስተኛው ነገር፣ መጻፉ፣ ከልጅነቱ የመጣ ልማድ ነው። ላርቲግ በየቀኑ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። በመጀመሪያ የአየሩን ሁኔታ ይመዘግባል፤ ቀኑ ቆንጆ ነው፣ በጣም ቆንጆ ነው የሚለውን በአጭር ምልክት ያስቀምጣል። ቀጥሎ ማንን እንዳገኘ፣ የት እንደሄደ፣ ምን እንዳደረገ ያሰፍራል። ከዚያም በዚያ ቀን ያነሳቸውን ፎቶዎች በጥቂት መስመር በትንሹ ይሥላቸዋል። ፊልሙ ሳይታጠብ፣ ምስሉ ይውጣ አይውጣ ሳያውቅ ነው የሚሥለው። ፎቶው ቢበላሽ እንኳ ሥዕሉና ጽሑፉ ይቀራል። በዓይኑ የያዘው ሁሉ የጠፋበት ያ ልጅ ዳግመኛ እንዳይጠፋበት መጠባበቂያ አበጀ ብንል ስሕተት አይሆንም።

አልበሞቹም እንዲሁ የዕድሜ ልክ ሥራ ናቸው። በኋለኛው ዘመኑ የቀድሞዎቹን አልበሞች እየፈታ በትልልቅ ገጾች ላይ እንደገና አዘጋጃቸው። ፎቶዎቹን በዓመት ይለያል፤ ትልቅ የሚሆነውንና ትንሽ የሚሆነውን ይመርጣል፤ ከሥር ቦታውንና ሰዎቹን በእጁ ይጽፋል። በዚህ ዓይነት ያቆማቸው አልበሞች ከመቶ በላይ ናቸው፤ ገጾቻቸው ከ14,000 በላይ ይሆናሉ፤ ፎቶግራፎቹም ከ100,000 ይበልጣሉ። አንድ ሰው ከመጫወቻ መኪና እስከ ሽምግልና ያየውን በአንድ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጡ በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም።

የተሳሳተው ዓመት

ይሁንና ይህን ያህል ጠንቃቃ የነበረው ሰውም ተሳስቷል። ያቺን የቁጥር 6 መኪና ፎቶግራፍ ላርቲግ የ1912 ውድድር ናት ብሎ መዝግቧት ነበር፤ መኪናዋም ደላዥ የሚባለው ፋብሪካ ሥራ ናት ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታምኖ ኖረ። በኋላ የመኪና ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ቁጥሩንና የመኪናዋን ቅርጽ ከውድድሮቹ መዝገብ ጋር አመሳከሩ። መኪናዋ ቴዎፊል ሽናይደር የተባለው ፋብሪካ ሥራ፣ ነጂው ሬኔ ክሮኬ፣ ውድድሩም በ1913 በአሚየን ከተማ አቅራቢያ የተካሄደው መሆኑ ተረጋገጠ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ዘግይቶ የተጻፈ ቀን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ በየቀኑ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ሁለተኛው፣ መኪና ለፎቶ እንደ ሰዓት ያገለግላል። ሰው ልብሱን ለዓመታት ይለብሳል፤ ግድግዳም አይናገርም። መኪና ግን ሞዴል አለው፤ ታርጋ አለው፤ የታክሲ ቀለም አለው። እኛም ቤት ያሉት ፎቶዎች እንዲሁ ናቸው። አባቶቻችን የተደገፉባት ሴይቼንቶ፣ አክስታችን የተሞሸረችባት ቮልስ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሄድንባት ላንድሮቨር ዓመቱን ትጠቁመናለች። ስለ መኪና የሚያውቁ የማኅበራችን አባላት በዚህ በኩል ከፍ ያለ አገልግሎት ሊሰጡ ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ቀደመው ነገር እንመለስ። የላርቲግ አልበሞች የደስታ አልበሞች ናቸው አልን። ኀዘኑን የምናገኘው በአብዛኛው በጽሑፉ እንጂ በፎቶው አይደለም። የእኛም አልበሞች ከዚህ አይለዩም። ሠርግ አለ፤ ክርስትና አለ፤ ምርቃት አለ፤ መስቀልና ዒድ አለ። ድንበር የተሻገርንበት ሌሊት ፎቶ የለውም። ወረቀት ለማውጣት የተሰለፍንባቸው ወራት ፎቶ የላቸውም። ሬሳቸውን ወደ አገር ያልላክንላቸው ወገኖቻችን የቀብር ፎቶ በአብዛኛው በአልበሙ ውስጥ አልገባም። ይህን ማንም አይወቅስም፤ ሰው ደስታውን ማስቀመጥ ይወዳል። ነገር ግን ፎቶው ያልያዘውን ብዕር ካልያዘው፣ ልጆቻችን እዚህ የደረስነው በሠርግ መኪና ብቻ ይመስላቸዋል።

የአልበሙ መጨረሻ

በ1979 ላርቲግ ሀብቱን ሁሉ ለፈረንሳይ መንግሥት በስጦታ አስረከበ። የሰጠው ገንዘብ ወይም መሬት አይደለም፤ ነጋቲቮቹን፣ አልበሞቹን፣ የዕለት ማስታወሻዎቹንና ካሜራዎቹን ነው። በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ ስጦታ ለመንግሥት የሰጠ የመጀመሪያው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ እሱ ነው። ስብስቡን የሚጠብቅ አካልም ተቋቋመ፤ በ1980 በፓሪስ ግራን ፓሌ ለሕዝብ ታየ። ይህን በማድረጉ ፎቶዎቹ አልተበታተኑም፤ ወራሾችም ለየብቻ አልተካፈሏቸውም።

ከዚያም በኋላ ማንሳቱን አልተወም። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1986 በኒስ ከተማ በዘጠና ሁለት ዓመቱ ዐረፈ። ፍሎሬት ከእሱ በኋላ እስከ 2000 ኖራለች።

ውድ አንባብያን፣ የላርቲግ ሀብት የለንም፤ ካሜራ ግን ዛሬ በየኪሳችን አለ። አንድ ወጣት በስልኩ በአንድ ዓመት የሚያነሳው ላርቲግ በልጅነቱ ሁሉ ካነሳው ሊበልጥ ይችላል። የጎደለው ከሥር የሚጻፈው ነው። ስለዚህ ይህን የሕይወት ታሪክ የምንዘጋው ሁሉም ቤት በቀላሉ ሊያደርገው በሚችል ነገር ነው። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡናው ይፈላ፤ ቆርቆሮው ይከፈት። አዛውንቱ ይናገሩ፤ ልጁ ይጻፍ። በወረቀት ፎቶ ጀርባ ላይ ለስለስ ባለ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቦታውን፣ ዓመቱን፣ ያነሳውንም ሰው ስም ያስፍሩ። ዓመቱ ካልታወቀ በግምት ተብሎ ይጻፍ፤ የተገመተውን እንደ እርግጠኛ አድርጎ መጻፍ ኋላ ያሳስታል። በስልክ ያለውም ቢሆን ተመርጦ ይታተም፤ ስልክ ይጠፋል፤ ይሰበራል። የደበዘዘና የተጣመመ ፎቶም አይጣል።

ሴይቼንቶዋ ላይ ተደግፎ የሚስቀው ወጣት ስሙ አሁንም አልታወቀም። ፎቶው በኢዮቤልዩው አዳራሽ ከሌሎቹ ጋር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ባዶ ወረቀትና በክር የታሰረ እርሳስ አለ። የሚያውቀው ሰው ካለ ስሙን ጽፎለት እንዲያልፍ በአክብሮት እንጠይቃለን።